ወደ ውስጥ የሚባል «አዎ»

አፉላ፣ ጤና ጣቢያው፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ
ወንበሬ መሐል ነው፣ ሁለቱንም የሚያይ።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቃል አሻግሬያለሁ፤
ደሞዜ በሰዓት፣ ለተባለው ብቻ።
ዝም ለተባለው ቅጹ ላይ ቦታ የለም።

ገና ጀማሪ ሳለሁ
አባ ቢምረው ወረቀት ይዘው መስኮቱ ጋ ቆሙ።
ሲጋል ቀና ሳትል፣ ከማሽኗ ሳትነሣ፣
ምላሷን ከላንቃዋ አላቃ «ጭ» አለች።
የሽማግሌው ዓይን እንባ አቀረረ፤
«የሰው ልጅ ናት» አሉኝ፣
«አየሽ፣ ከንፈሯን መጠጠችልኝ፤ አዘነችልኝ።»
«የለም» ነው ያለችው። ቀጠሮ የለም።
አላረምኳቸውም።
«ክፉ አይንካሽ» ብለው እጅ ነሥተው ወጡ።
«ምን አለሽ?» አለችኝ ሲጋል።
«አመሰገነ» አልኳት።
«ለምኑ?» ብላ መጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች።

ዶክተር ሊዩባ አምስት ጣቷን ሰብስባ
ወደ ላይ ስታቆም «ቆይ» ማለቷ ነው፤
እሷም ከኪየቭ መጥታ፣ እዚሁ ነው የተማረችው።
እማ ትርፌ ግን የተጠቀለለ ጉርሻ መስሏቸው
አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ሳቁ።
«ሌሊት ያምሻል ወይ?» ብትላቸው
እማ ትርፌ ትንፋሽ ሳብ አደረጉ፣
አጭር፣ ስለታም፣ ወደ ውስጥ፤
ሐኪሟ ከወንበሯ ዘለለች፦
«ትንፋሽ ያጥራታል! ሳንባዋን ራጅ ይዩላት!»
«አዎ ማለታቸው ነው» አልኩ።
«በትንፋሽ?»
«በትንፋሽ።»
ራሷ ሞከረችው። አሳላት።
ሦስታችንም ሳቅን፣ ያን ቀን።

ዘርፌ ግን።
«እሑድ ጠዋት ቀዶ ጥገና፤ ተስማምታለች?»
«እሺ» አለች ዘርፌ፣ መሬት መሬት እያየች።
«አዎ ብላለች» አልኩ በዕብራይስጥ።
ጣቶቿ የነጠላዋን ጫፍ ይቋጥሩ ነበር፣
ይፈቱ ነበር፣ መልሰው ይቋጥሩ፤
አይቼዋለሁ። እምላለሁ፣ አይቼዋለሁ።
ጫፉን ማን ይከፍለኛል ብዬ ነው መሰል
ሰሙን አሻግሬ ወርቁን እዚያው ተውኩት፣
ከጥለቱ ላይ።

እሑድ አልጋው ባዶ ነበር።
ቤቷ ድረስ ሄድኩ፤ ሦስተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የሌለው።
«እሺ ብለሽ አልነበር?»
«ልጄ፣ ያቺ ሐኪም ደክሟት ነበር፤
ፊት ለፊቷ እምቢ ብዬ ላሳፍራት?
እሺ ማለት ሰማሁሽ ማለት ነው።
አንቺ ይጠፋሻል?»
ጠፍቶኝ አልነበረም።
ክረምቱ ሳይወጣ ቀበርናት።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ እላለሁ፦
«እሺ አለች፤ አዎ ግን አላለችም።»
ሊዩባ ኮምፒዩተሯን ታያለች፤
ሁለት ሣጥን ብቻ ነው ያለው።
እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች፣
እኔም የበሽተኛዋን ጣት እጠብቃለሁ።

ማታ ቤቴ ስገባ የኖጋ በር ዝግ ነው።
«ሃኮል በሴዴር» ትለኛለች ከወዲያ፣
ሁሉ ደኅና ነው፤
እንደ ሒሳብ መዝጊያ፣ እንደ ማኅተም።
የሰውን ሁሉ ጫፍ አንባቢ ነኝ፤
የልጄን ጀርባ ግን ማንበብ አቃተኝ፣
ትከሻዋ በምን ፊደል እንደተጻፈ እንጃ።
ያን ማታ ሳህን ይዤ ገባሁ፣
ስልኳ ጠፍቷል፤ ጠፍቶም ታየዋለች።
ሳላስበው በአማርኛ አመለጠኝ፦
«ከፍቶሻል?»

አማርኛ አትመልስልኝም፤ አልያዘችውም፤
ከአያቷ ጋር እንኳ በምልክት ነበር።
ቃልም አልወጣት።
ትንፋሽ ሳብ አደረገች፣
አጭር፣ ስለታም፣ ወደ ውስጥ።

ማንም አላስተማራትም።
ሳህኑን ወለል ላይ አኑሬ
ከአልጋዋ ግርጌ ተቀመጥኩ።